ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ፍሬ

በጌዶ ደጋ እንዶድን የማያውቅ ተማሪ የለም። በኦሮምኛ ሃንዶዴ ይባላል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ ይደርቅና ይወቀጣል፤ በውሃ ሲታሽም እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። በዱሮ ጊዜ የበዓል ነጠላ የሚነጣው በእርሱ ነበር። እኛ ከዚህ ያለፈ ነገር አላየንበትም፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ ግን አይተውበታልና በዚህ የበዓል መጽሔታችን ታሪካቸውን ለመጻፍ ወደድን። (ዘመኑን ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ጽፈናል።)

ዶክተር አክሊሉ በ1935 ተወለዱ። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ትምህርታቸውን ተከታትለው ዕድሜያቸው 30 ሳይሞላ በ1964 ቢልሃርዝያን ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። ይህን በሽታ የሚያመጣው ትል ነው። የሕመምተኛ ዓይነ ምድር ወደ ውሃ ሲገባ የትሉ ዕንቁላል ይፈለፈላል፤ ጫጩቱም በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ገላ ውስጥ ከተራባ በኋላ ወጥቶ በውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው በቆዳው በኩል ይገባበታል። ስለዚህም ውሃ የሚቀዱና ልብስ የሚያጥቡ እናቶች፣ የሚዋኙም ልጆች ከዚህ በሽታ በቀላሉ አያመልጡም።

ታዲያ ዶክተሩ በወንዙ ዳር ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶዱ አረፋ ቢጨመርባቸው እነዚያም ሞቱ። በዚያ ወንዝ ዳር ያደገ ሁሉ ይህን ሳያይ አልቀረም፤ ምክንያቱን የጠየቁት ግን እርሳቸው ናቸው።

በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂን ኢንስቲትዩት አቋቋሙ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ከ1969 ጀምሮ 5 ዓመት በዐድዋ ወንዞች እንዶድ ሲጨመር ቆይቶ ውጤቱ ተመረመረ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ከመቶው 50 የነበሩት ሕሙማን ወደ 7 ወርደው ተገኙ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከእነዚህ ሕፃናት አብዛኞቹ የተወለዱት እንዶዱ በወንዙ መጨመር ከጀመረ ወዲህ ነው።

ይሁን እንጂ በውጭ አገር ያሉ ታላላቅ ድርጅቶች ግኝቱን በቶሎ አልተቀበሉትም። በአገር ቤት የተሠራው ምርመራ አልበቃም፤ በውጭ ቤተ ሙከራ ይደገም ተባለ፤ ለዚህም ገንዘብ ሳይገኝ ብዙ ዓመታት አለፉ። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ጥንቃቄው ያለ ምክንያት ነበር አንልም፤ የመዘግየቱ ርዝመት ግን ያሳዝነናል። በዚህ ሁሉ መካከል ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳድረው ኃይለኛውን መረጡ። ሁለቱም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የስዊድን ሽልማት አገኙ።

ዶክተር አክሊሉ በኢጣልያ፣ በፍሎሬንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የምርምር ማዕከልም ለሕፃናት ጤና ሠርተዋል። በ1997 ዐረፉ። ዛሬ የቢልሃርዝያ ሕሙማን የሚታከሙት ፕራዚኳንቴል በሚባል ክኒን ነው። ክኒኑ በልጁ ገላ ያለውን ትል ይገድላል፤ በወንዙ ያለውን ቀንድ አውጣ ግን አይነካም፤ የዳነውም ልጅ ለመዋኘት ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል።