ጆን ኮሌት፦ የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ዲን

ዲን የሚለው የማዕረግ ስም በአገራችን ይበልጥ የሚታወቀው በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች ነው። ምንጩ ግን ቤተ ክርስቲያን ናት። በላቲን ቋንቋ ደካኑስ የአሥር ሰዎች አለቃ ማለት ሲሆን፣ በጥንቱ የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት መሠረት አሥር መነኮሳትን እየመራ ስለ ጠባያቸውና ስለ ሥራቸው ለአበምኔቱ ኃላፊ የሚሆን ወንድም በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ሙሴ በአማቱ በዮቶር ምክር በሕዝቡ ላይ የሾማቸውን የአሥር አለቆች ያስታውሰናል።

በእንግሊዝ አገር ይህ ሹመት ከአሥር አለቅነት ብዙ ከፍ ብሎ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የአገሪቱ ካቴድራሎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። እንደ ካንተርበሪ፣ ዊንቸስተርና ደርሃም ያሉት በመነኮሳት የሚገለገሉ ስለነበሩ የሚያስተዳድራቸውም የገዳሙ አለቃ ነበር። እንደ ለንደን፣ ሊንከን፣ ሳልዝበሪና ዮርክ ባሉት ዘጠኝ ካቴድራሎች ግን የሚያገለግሉት በምንኩስና የማይኖሩ ካህናት ነበሩ። የእነዚህ ካህናት ጉባኤ መሪ ዲን ይባል ነበር። መንበሩ የጳጳሱ ቢሆንም፣ ጳጳሱ ብዙውን ጊዜ ሀገረ ስብከቱን ሲጎበኝ ወይም በንጉሡ አገልግሎት ሲደክም ስለሚውል፣ የዕለት ጸሎቱ፣ የሕንጻው ጥገና፣ የርስቱ ገቢና የካህናቱ ሥነ ሥርዓት በዲኑ እጅ ነበር። ሹመቱ ክብርም ሀብትም ያስገኝ ስለነበር፣ ብዙዎች የተመኙት ለክብሩና ለሀብቱ ሲሉ ነው። ከ1505 እስከ 1519 በእንደ አውሮፓ አቆጣጠር የለንደን ዲን የነበረው ጆን ኮሌት ግን ሹመቱን በሌላ መንገድ ለመኖር የሞከረ ካህን ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዱና ትምህርቱ

ኮሌት በ1467 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሰር ሄንሪ ኮሌት ባለጸጋ የጨርቅ ነጋዴ ሲሆን ሁለት ጊዜ የለንደን ከንቲባ ሆኗል። እናቱ ሃያ ሁለት ልጆች ወለደች፤ ዐሥራ አንድ ወንዶችና ዐሥራ አንድ ሴቶች። ከእነዚህ ሁሉ ለዐቅመ አዳም የደረሰው የበኩር ልጅዋ ዮሐንስ፣ ማለት ጆን፣ ብቻ ነበር። ወንድሞቹንና እኅቶቹን ሁሉ የቀበረ ይህ ልጅ የአባቱን ንግድና የቤተ መንግሥትን ደጅ ትቶ ክህነትን መረጠ።

በዚያ ዘመን የሀብታም ልጅ ገና ካህን ሳይሆን የቁምስና ገቢ ይሰጠው ነበር። ኮሌትም ከዚህ ልማድ ነጻ አልነበረም። በ1485፣ ገና ዐሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሳለ፣ በሰፎክ አውራጃ የዴኒንግተን ቁምስና ገቢ ተሰጠው፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አልለቀቀውም። በኋላ ዘመኑ በካህናት ላይ ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ዓይነቱ የገቢ ማግበስበስ ስለሆነ፣ የሕይወቱን ታሪክ የሚያነብ ሁሉ ይህንን ሊዘነጋ አይገባውም።

በ1493 ገደማ ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣልያ ተጉዞ የቅዱሳን አባቶችን ድርሳናት በትጋት አጠና። ከተመለሰ በኋላ በኦክስፎርድ የቅዱስ ጳውሎስን መልእክታት ያለ ክፍያ ለሕዝብ ማስተማር ጀመረ። የዘመኑ መምህራን ከመጽሐፍ አንዲት ቃል ነጥለው ብዙ ክርክር ያበዙባት ነበር። ኮሌት ግን መልእክቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ሐዋርያ በአንድ ወቅት ለሚያውቃቸው ምእመናን የጻፈው ደብዳቤ አድርጎ አነበበው። የሮሜ ክርስቲያኖች የኖሩበትን ሁኔታ ለማስረዳትም የሮማውን ታሪክ ጸሓፊ ስዌቶኒዮስን ይጠቅስ ነበር። በ1498 ማዕርገ ክህነት ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ ወደ ኦክስፎርድ መጥቶ ሰማው፤ ወዳጅነታቸውም እስከ ሞት ዘለቀ። በኋላ በሰማዕትነት ያረፈው ቅዱስ ቶማስ ሞር በወጣትነቱ ኮሌትን የነፍሱ መሪ አድርጎት ነበር።

የዲኑ ማዕድ

በ1505 ኮሌት የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ዲን ሆኖ ተሾመ። በዚያው ዓመት አባቱ ስላረፈ ታላቅ ሀብት ወረሰ። የካቴድራሉ ጉባኤ ሠላሳ ካህናት ነበሩት፤ እያንዳንዱም የራሱ ርስት ነበረው። ብዙዎቹ ግን በስፍራው አይኖሩም ነበር። በስፍራው የሚኖሩት ጥቂቶች ደግሞ የጋራውን ገቢ ስለሚከፋፈሉ ቁጥራቸው እንዲበዛ አይወዱም። የዲን ቤትም ከጥንት ጀምሮ በግብዣው የታወቀ ነበር።

ኮሌት በመጀመሪያ የለወጠው የሌሎችን ቤት ሳይሆን የራሱን ማዕድ ነው። ግብዣው አጭርና መጠነኛ ሆነ። ከምግቡ በፊት አንድ ልጅ ከጳውሎስ መልእክት ወይም ከምሳሌ መጽሐፍ ያነባል፤ ከዚያም ዲኑ ከተነበበው አንድ ነገር አንሥቶ እንግዶቹን፣ የተማሩትንም ያልተማሩትንም፣ ያወያያል። እንደ እርሱ ያሉ ሹማምንት ሐምራዊ ልብስ ሲለብሱ እርሱ ጥቁር ብቻ ይለብስ ነበር። ከዲንነቱ የሚያገኘውን ገቢ ለቤቱ ወጪ፣ ከአባቱ የወረሰውን ደግሞ ለበጎ ሥራ አዋለ። በበዓላት ቀን በካቴድራሉ ራሱ ይሰብክ ነበር፤ ወንጌልን፣ ጸሎተ ሃይማኖትንና አባታችን ሆይን በተከታታይ ሲያስረዳ የከተማው ሹማምንትና ተራው ሕዝብ በብዛት ይሰሙታል።

በካህናቱ ላይ ግን ይህን ያህል አልተሳካለትም። ለጉባኤው አዲስ ደንብ አረቀቀ፤ በስፍራው የማይኖር እንዲኖር፣ ጸሎትን የሚያስታጉል እንዲታረም ፈለገ። ጉባኤው ደንቡን አልተቀበለውም። ጠባዩም ቢሆን ሁልጊዜ ለስላሳ አልነበረም፤ በተፈጥሮው ቁጡ ስለነበር ራሱን በጾምና በጸሎት ይገታ እንደነበር ኤራስመስ መስክሮለታል።

በካህናትና በንጉሥ ፊት

የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ዋርሃም የግዛቱን ካህናት ጉባኤ በጠራ ጊዜ የመክፈቻውን ስብከት ለኮሌት ሰጠው። ብዙዎች ስለ መናፍቃን መቀጣት እንዲናገር ይጠብቁ ነበር። ኮሌት ግን ከሮሜ መልእክት ምዕራፍ 12 ተነሥቶ ስለ ካህናት ሕይወት ተናገረ። ትዕቢትን፣ የሥጋ ምኞትን፣ ስስትንና በዓለማዊ ጉዳይ መጠመድን አራት ደዌያት ብሎ ዘረዘረ። የቅዱስ በርናርዶስን ትምህርት በመከተል ከስሕተት ትምህርት ይልቅ የካህን ክፉ ሕይወት የባሰ ኑፋቄ እንደሆነ አስረዳ። አዲስ ሕግ እንዲወጣ ግን አልጠየቀም፤ ያለው ሕግ ከጳጳሳቱ ጀምሮ እንዲፈጸም ብቻ ለመነ።

ከዚህ በኋላ አረጋዊው የለንደን ጳጳስ ሪቻርድ ፊትዝጄምስ ኮሌትን በኑፋቄ ከሰሰው። ከክሶቹ አንዱ ቅዱሳት ሥዕላት እንዳይከበሩ አስተምሯል የሚል ሲሆን፣ ሌላው ከወረቀት እያነበቡ በቅዝቃዜ የሚሰብኩትን ነቅፏል የሚል ነበር፤ ጳጳሱም ራሱ በእርጅናው ምክንያት እያነበበ ይሰብክ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ዋርሃም ክሱን መርምሮ ውድቅ አደረገው።

ከዚህ የከበደ ፈተና የመጣው በ1513 የስቅለት ዓርብ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ፈረንሳይን ሊወጋ በሚዘጋጅበት ሰሞን ኮሌት በንጉሡ ፊት ሰበከ። በጥላቻና በክብር ፍላጎት የሚዋጉ ሰዎች ከክርስቶስ ሰንደቅ ሥር ሳይሆን ከጠላቱ ሰንደቅ ሥር መሰለፋቸውን፣ ክርስቲያን ነገሥታትም እንደ ቄሣርና እንደ እስክንድር ሳይሆን እንደ ክርስቶስ እንዲሆኑ መጠራታቸውን ተናገረ። ንጉሡ የወታደሮቹ ልብ እንዳይሸበር ሰጋና ኮሌትን ወደ ግሪኒች አስጠርቶ በፍራንቸስካውያን ገዳም የአትክልት ስፍራ ለብቻው አነጋገረው። ጠላቶቹ ውድቀቱን ሲጠባበቁ ንጉሡ አቅፎና አክብሮ አሰናበተው። ይሁን እንጂ ለክርስቲያን የተፈቀደ ጦርነት እንዳለም እንዲያስረዳ ስለጠየቀው ኮሌት ይህንን ፈጸመ፤ ጦርነቱም በዚያው ዓመት ተካሄደ። ዲኑ እውነቱን ተናገረ፤ ንጉሡ ግን ሰምቶም የወደደውን አደረገ።

መቶ ኀምሳ ሦስቱ ሕፃናት

ኮሌት የወረሰውን ሀብት ያፈሰሰው ከ1509 ጀምሮ በካቴድራሉ አጠገብ ባቋቋመው ትምህርት ቤት ላይ ነው። በነጻ እንዲማሩ የተቀበላቸው ልጆች ቁጥር 153 ነበር፤ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ በሰጣቸው ዓሣዎች ልክ። የየትኛውም አገር ልጅ ያለ ልዩነት እንዲገባ ፈቀደ። ከመምህሩ ወንበር በላይ የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል ቆሞ ነበር፤ ልጆቹም ሲገቡና ሲወጡ ሰላምታ ይሰጡታል። የመጀመሪያው የበላይ መምህር ዊልያም ሊሊ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሮዶስ ደሴት ግሪክኛ የተማረ ሰው ነበር። ኤራስመስም ለልጆቹ የሚሆን የላቲን መማሪያ መጽሐፍ ጽፎ በ1512 ለኮሌት አበረከተለት።

ከሁሉ የሚያስገርመው የአስተዳደሩ ነገር ነው። ዲኑ ትምህርት ቤቱን ለካቴድራሉ ጉባኤም፣ ለጳጳሱም፣ ለንጉሡም አልሰጠም። አባቱ አባል ለነበረበት ለጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር፣ ሚስትና ልጆች ላሏቸው ምእመናን፣ አደራ ሰጠ። በሰው ነገር ፍጹም የሚታመን እንደሌለ ያውቅ ነበር፤ ከሁሉ ያነሰ ብልሹነት ያገኘው ግን በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ነበር። የካቴድራል መሪ የሆነ ካህን እንዲህ ማድረጉ ስለ ገዛ ጉባኤው የሰጠው ከባድ ምስክርነት ነው፤ ለምእመናን ያለውንም እምነት ያሳያል።

ዕረፍቱና ከእርሱ በኋላ

በመጨረሻዎቹ ዓመታት በዘመኑ ብዙ ሰው የፈጀው የላብ በሽታ ሦስት ጊዜ ያዘው። በሺን ካለው የካርቱሳውያን ገዳም አጠገብ ማረፊያ ቤት ሠርቶ በጸሎት ሊኖር አሰበ። ግሪክኛ ያለመማሩ ስለቆጨው በዕድሜው ማብቂያ ፊደሉን ለመቁጠር ጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ሳይፈጸም መስከረም 16 ቀን 1519 በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ዐረፈና በካቴድራሉ ተቀበረ።

ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1534፣ ያው ንጉሥ ሄንሪ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ከሮማ ለየ። በ1535 ቅዱስ ቶማስ ሞር አንገቱ ተቆረጠ። ገዳማቱ ተዘጉ፤ በመነኮሳት ይገለገሉ በነበሩት ካቴድራሎችም ንጉሡ ዲኖችን ሾመ። ስለዚህ የዲን ማዕረግ የበዛው ኮሌት የተመኘው ተሐድሶ ሳይሆን መለያየት በመጣ ጊዜ ነው። አሮጌው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በ1666 በታላቁ የለንደን እሳት ሲቃጠል የኮሌትም መቃብር አብሮ ጠፋ። ትምህርት ቤቱ ግን ቦታ እየለወጠ እስከ ዛሬ ይኖራል፤ 153 ቁጥርም አልተረሳም።

በኋላ ዘመን አንዳንዶች ኮሌትን ከፕሮቴስታንቶች ቀዳሚ አድርገው ቆጥረውታል። እርሱ ግን በቤተ ክርስቲያን እቅፍ ኖሮ በእቅፏ የሞተ ካህን ነው። ቁስሏን የተናገረው ልጅዋ ስለሆነ ነው። ያረቀቀው ደንብ ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ የሰበከው ስብከት ንጉሡን አልመለሰም። በገዛ ማዕዱ፣ በገዛ ልብሱና በገዛ ገንዘቡ የጀመረው ግን ፍሬ አፈራ። በእግዚአብሔር ቤት የአሥርም ሆነ የሺህ አለቅነት የተሰጠን ሁሉ ከዚህ ዲን ሕይወት የምንማረው ይህንን ነው፤ ተሐድሶን ከራስ መጀመር፣ ፍሬውን ደግሞ ለሚመጣው ትውልድ መተው።