ከበግ አንጀት የተሠራ ክር፦ የጆሴፍ ሊስተር ሕይወት

በዚህ አጭር ጽሑፍ የማስተዋውቃችሁ ሰው ሐኪም እንጂ ጋዜጠኛ አይደለም። ጆሴፍ ሊስተር ይባላል። ብዙዎች የሚያውቁት ቀዶ ጥገናን ከጀርም በመከላከሉ ነው። እኔን የሳበኝ ግን የእንስሳት ክሩ ነው። እኔ በምኖርበት ቡራዩ በበዓል ማግስት የበግ ቆዳና አንጀት መንገድ ዳር ተጥሎ ማየት የተለመደ ነው። ለካ ይህ የምንጥለው ነገር በሕክምና ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው!

ሊስተር እንግሊዝ አገር፣ አፕተን በምትባል ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1827 ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቱ ማይክሮስኮፕ ያሻሻለ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር። ሊስተር ለንደን ተምሮ ወደ ኤድንብራ ሄደና በ1856 የታዋቂውን ቀዶ ሐኪም የጄምስ ሳይምን ልጅ አግነስን አገባ። ልጅ አልወለዱም። አግነስ ግን የምርምር ማስታወሻውን እየጻፈች ዕድሜ ልኳን አግዛዋለች።

በ1860 ግላስጎው ላይ ፕሮፌሰር ሲሆን ከቀዶ ጥገና የተረፈውን በሽተኛ የቁስል መመርቀዝ ይገድለው ነበር። የፓስተርን ጥናት አንብቦ ጥፋቱ የጥቃቅን ተሕዋስያን እንደሆነ ገባው። በነሐሴ 1865 ጋሪ እግሩን የሰበረውን የ11 ዓመት ልጅ ቁስል ካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው። ልጁም ዳነ።

ታዲያ አንድ ችግር ቀረ። የተቆረጠ የደም ሥር የሚቋጠረው በሐር ክር ነበር። ሐር ሰውነት ውስጥ ቶሎ ስለማይሟሟ ጫፉ ከቁስሉ ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ በዚያው ቀዳዳ ቁስሉ ያመረቅዛል። ሊስተር በ1868 መጨረሻ በአንድ ጥጃ የአንገት ደም ሥር ላይ ሁለት ቋጠሮ አሰረ። አንዱ ከበሬ አንጀት ሽፋን የተገመደ፣ ሌላው ካትገት የሚባለው የአንጀት ክር ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ጥጃው ታርዶ ሲታይ በክሮቹ ቦታ የጥጃው የራሱ ሕያው ሥጋ ተተክቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንጀት ክር በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ቆዳን፣ ጅማትንና አጥንትን አጠንክሮ የሚይዘው እሱ ነው። የበገናችን አውታር ከበግ አንጀት የሚሠራውም ለዚሁ ጥንካሬው ነው። ሰውነት ኮላጅኑን ቀስ በቀስ እያሟሟ በቦታው የራሱን ይሠራል። ሊስተር ክሩ ቶሎ እንዳይሟሟ በክሮሚክ አሲድ ማከም ጀመረ። ቆዳ ፋብሪካዎቻችን ቆዳ የሚያለፉትም በክሮም ጨው ነው።

ሊስተር ሳይፈታው የቀረ ጥያቄ ግን ነበር፤ እንስሳው ጤነኛ ነበር ወይ? ክሩን የሚያስቀምጠው ካርቦሊክ አሲድ በተጨመረበት ዘይት ውስጥ ነበር። በ1881 ሮበርት ኮክ ያ ዘይት የአባ ሰንጋን ዘር እንደማይገድል አሳየ። ሊስተር በ1897 የሎርድነት ማዕረግ አግኝቶ በ1912 በ84 ዓመቱ ሲሞት፣ ጥያቄው አብሮት አልተቀበረም። በ1986 በገዛ አገሩ የእብድ ላም በሽታ ታወቀ፤ በስጋቱም ምክንያት ብሪታንያ በ2001 ካትገትን ከገበያ አስወጣች።

ዛሬ ኮላጅን ለቁስል መሸፈኛና ለደም ማቆሚያ ይውላል፤ ምንጩም ልዩነት ያመጣል። የከብቱ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም በመርፌ ሲሰጥ ከመቶ ሦስት ያህሉን ሰው አለርጂ ያስይዛል። የአሳማው በኛ አገር ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የሃይማኖት ጥያቄ ያስነሳበታል። የዓሣው ከእብድ ላም በሽታ ስጋት ነፃ ነው፤ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ከሆነ ግን የሰውን የሰውነት ሙቀት አይችልም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ጎረቤታሞች ናቸው። ሱሉልታ በወተት ላሞቿና በድርቆሿ ትታወቃለች። ሰበታ ደግሞ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትና የዓሣ ምርምር ማዕከል አሏት። ጥሬ ዕቃውም መርማሪውም በእጃችን ነው። ነገር ግን ቆዳ ስለበዛ ብቻ መድኃኒት አይሆንም፤ እንስሳው ከየት መጣ፣ ምን ታመመ፣ ማን መረመረው የሚለው መመዝገብ አለበት። እኛን ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚያስተምሩን የዜናውን ምንጭ እንድንጠይቅ ነው። ስለ ቆዳ ገበያ ስንዘግብም ከዋጋው ቀጥሎ ይህንኑ ብንጠይቅ ጥሩ ነው እላለሁ።