ዶክተር አሸናፊ ከበደና የሙዚቃ ትምህርት

ጅማን አቋርጦ በሚያልፈው በአወቱ ወንዝ ዳር፣ በመንደራም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች፣ ሠርግ በተደገሰበት ቤት ከበሮ አይጠፋም። ኦሮምኛ ተናጋሪው ዲቤ ይለዋል። መቺውን ይህን ጥበብ ከየት እንዳገኘው ብትጠይቁት፣ ልጅ ሳለ ታላላቆቹ ሲመቱ አይቶ፣ በባዶ ቆርቆሮ ላይ ተለማምዶ፣ አንድ ቀን ተራው ሲደርስ እንደ መታ ይነግራችኋል። ስለዚህ ከበሮ ለመማር ባሕር ተሻግሮ ወደ ባዕድ አገር የሄደ ሰው አለ ቢሏችሁ ነገሩ ቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ በ1943 በዚችው በጅማ የተወለዱት አቶ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ለትምህርት ወደ ብሪታንያ ከሄዱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በቦስተን ከተማ በሚገኘው በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫይብራፎንና ልዩ ልዩ የምት መሣሪያዎችን አጥንተዋል። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ምንባብ ባለታሪክ ግን አቶ ሙላቱን በዕድሜ አምስት ዓመት የሚበልጡ ሌላ ሰው ናቸው። አቶ ሙላቱ በውጭ አገር የቀሰሙትን ዕውቀት በይበልጥ በመድረክና በሸክላ ላይ አዋሉት፤ ዶክተር አሸናፊ ከበደ ግን ዕውቀቱ ትምህርት ቤት ሆኖ በአገር ውስጥ እንዲቆም ደከሙ። ይህ ድካም ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመረዳት የተወለዱበትን ዘመን ማሰብ ያስፈልጋል።

አሸናፊ ከበደ በ1938 በአዲስ አበባ ተወለዱ። ጊዜው አገሪቱ በኢጣሊያ ወራሪ ጦር እጅ የነበረችበት ነው። በ1941 ጠላት ተባርሮ ነፃነት ሲመለስ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ከነፃነት በኋላ በዋና ከተማው ሁለት ዓይነት ሙዚቀኛ ይታይ ነበር። አንደኛው የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ጥሩምባና ታምቡር ይዞ፣ በኖታ የሚጫወተው የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የፖሊስ ባንድ አባል ነው። ሁለተኛው መሰንቆውን በትከሻው አንግቶ ከግብዣ ወደ ግብዣ፣ ከጠጅ ቤት ወደ ጠጅ ቤት የሚዞረው አዝማሪ ነው። አዝማሪውን ሁሉም ይወደዋል፤ ማንም ግን ልጁ አዝማሪ እንዲሆንለት አይመኝም። ሕዝቡ በግጥሙ ይስቃል፣ በዜማው ያለቅሳል፣ ገንዘብ ይሸልመዋል፤ በማግሥቱ ግን ሙያውን መሳደቢያ ያደርገዋል። የመልካም ቤተ ሰብ ልጅ ሙዚቃን መተዳደሪያዬ አደርጋለሁ ብሎ ቢነሣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የሚመክረው ጉዳይ ነበር። እንግዲህ አሸናፊ ለትምህርት የመረጡት በአገራቸው ባለሙያው የሚናቅበትን ሙያ ነው።

የሄዱበት ትምህርት ቤት በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሮቸስተር ከተማ የሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነበር። ይህን ትምህርት ቤት በ1921 ያቋቋመው ኮዳክ በተባለው የፎቶግራፍ ዕቃ ፋብሪካ የበለጸገው ጆርጅ ኢስትማን ነው። ገንዘቡን ያገኘው ከፎቶግራፍ ይሁን እንጂ በልግስና ካፈሰሰባቸው ነገሮች አንዱ ሙዚቃ ነበር። አሸናፊ በተማሩበት ጊዜ ትምህርት ቤቱን ይመራ የነበረው የሙዚቃ ደራሲው ሃዋርድ ሃንሰን ሲሆን፣ በዚህ ኃላፊነት ከ1924 እስከ 1964 ለአርባ ዓመት ያህል ቆይቷል። ሮቸስተር የምትገኘው በኦንታሪዮ ሐይቅ አቅራቢያ ስለ ሆነ ክረምቷ በረዶ የበዛበት ነው፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ቀላል እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

እንዲህ ባለው ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት ከዘፈን ልምምድ እጅግ የተለየ ነው። ከሁሉ በፊት ጆሮ ይሠለጥናል። መምህሩ በፒያኖ ጥቂት ድምፆችን ያሰማል፤ ተማሪው መሣሪያውን ሳይነካ የሰማውን በአምስቱ መስመሮች ላይ በኖታ ይጽፋል። ቀጥሎ ድምፆች እርስ በርስ የሚስማሙበትን ሕግ፣ የቀደሙ ደራስያንን ሥራ፣ ለብዙ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ የመጻፍን ዘዴ ያጠናል። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ደግሞ በጠባብ ክፍል ብቻውን ተዘግቶ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ይለማመዳል።

ቀላል የሚመስለው የከበሮ ትምህርት እንኳ እንዲሁ ነው። ተማሪው ታምቡር ፊት ቆሞ የቀኝና የግራ እጁ ምት በጆሮ እስከማይለይ ድረስ ለወራት አንዲት የምት ስልት ይደጋግማል። ቲምፓኒ የተባሉትን ትልልቅ የመዳብ ከበሮዎች ሲማር ደግሞ ኦርኬስትራው እየተጫወተ ሳለ በእግሩ መርገጫ እየረገጠ፣ ጆሮውን ወደ ቆዳው አዘንብሎ፣ የሚቀጥለውን ድምፅ ቃኝቶ መጠበቅ አለበት። አንዳንድ ጊዜ መቶ ያህል የምት ክፍል ዝም ብሎ ቆጥሮ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል፤ ቆጠራውን ከሳተ ግን ጥፋቱ በአዳራሹ ሁሉ ይሰማል።

አሸናፊ በ1962 ከኢስትማን ተመርቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበሩ። ወዲያው በአእምሯቸው የነበረው ጉዳይ አገሪቱ የራሷ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዲኖራት ማድረግ ነበር። ይህም ተሳክቶ ትምህርት ቤቱ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነው ከ1963 እስከ 1968 መሩት። ስሙም በአክሱም ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ዓይነቶች እንደ ደረሰ በሚታመነው በቅዱስ ያሬድ ተሰየመ።

ስሙ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የሙያ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከባሕር ማዶ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። በቤተ ክርስቲያን የዜማና የአቋቋም ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ዓመታት ቆጥሮ ይማራል። የድጓውን ዜማ ከአፍ ከመቀበሉ ሌላ ከቃላቱ በላይ የሚጻፉትን ምልክቶች ያጠናል፤ እነዚህን ምልክቶች በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። በአቋቋም ቤት ደግሞ፣ ለምሳሌ በስመ ጥሩው በጎንደር በአታ፣ ጽናጽልና መቋሚያ አያያዝን፣ የከበሮ አመታትንም በሥርዓት ይማራል። የከበሮው አንዱ አፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ስለ ሆነ፣ በሰፊው ወፍራም፣ በጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ የትኛው እጅ መቼ እንደሚወድቅ በዜማው የታወቀ ነው። ከዚህ የምንረዳው አሸናፊ የሠሩት ሥራ ከባዶ የተነሣ አለመሆኑን ነው። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ የጎደለው በቤተ ክርስቲያን የሚከበረውን ትምህርት፣ በጠጅ ቤት የሚናቀውን ጥበብና ከባሕር ማዶ የመጣውን ኖታ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኝ ቤት ነበር።

ማገናኘቱ ግን በቃል እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። የአውሮፓ መሠረታዊ የድምፅ መሰላል ሰባት ደረጃ ያለው ሲሆን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን አምስት ድምፆች ብቻ አሏቸው። የፒያኖ ድምፅ አንድ ጊዜ ተቃኝቶ ይቀመጣል፤ የመሰንቆው ድምፅ ግን እንደ ዘፋኙ ጉሮሮና እንደ ዕለቱ ስሜት ከፍና ዝቅ ይላል። ታዲያ ተማሪው ጆሮውን በየትኛው ይግራ? በኖታ ያልተጻፈው ዜማ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ ተጽፎ ሲገኝ ደግሞ ከሕያውነቱ አንዳንድ ነገር ይጎድላል። ይህ ጥያቄ በዚያ ጊዜ ሌሎችንም ያሳሰበ ነበር። ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ተለያይተው የኖሩትን ክራር፣ መሰንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ በአንድ መድረክ ላይ ሰብስቧቸው ነበር። በያሬድ ትምህርት ቤት በኩል ከቡልጋሪያና ከሌላም አገር የመጡ መምህራን ፒያኖና ቫዮሊን የመሳሰሉትን ሲያስተምሩ፣ የአገሩም መሣሪያ ቦታ አገኘ፤ ለምሳሌ በ1970ዎቹ ዓመታት አቶ ዓለሙ አጋ በገና አስተምረውበታል። መሰንቆ በሰሌዳ፣ በፈተናና በዲፕሎማ የሚማሩት ነገር መሆኑ ለአዝማሪው ልጅ ምን ማለት እንደ ነበረ እናንተው አስቡት።

አሸናፊ የሙዚቃ ደራሲና የኦርኬስትራ መሪም ነበሩ። በ1967 ወደ ሃንጋሪ ሄደው የአገሪቱን የመንግሥት ኦርኬስትራ መርተዋል። በዚያም ከስመ ጥሩው የሃንጋሪ የሙዚቃ ደራሲ ከዞልታን ኮዳይ ጋር አነጻጸሯቸው። ማነጻጸሪያው በደንብ የታሰበበት ይመስለኛል። ኮዳይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጓደኛው ከቤላ ባርቶክ ጋር የድምፅ መቅረጫ ተሸክሞ በገጠር እየዞረ የገበሬውን ዘፈን የሰበሰበ፣ ከዚያም በታላላቅ ሥራዎቹ ውስጥ ያስገባና ለትምህርት ቤት ልጆች ያስተማረ ሰው ነበር። ከአሸናፊ ድርሰቶች አንዱ ስለ እረኛው ባለ ዋሽንት የተደረሰው ነው። ሌላው ኮቱራሲያ የተባለው ሲሆን፣ ኮቶ የተባለውን የጃፓን ባለ ክር መሣሪያ ከፍሉት፣ ከክላሪኔትና ከቫዮሊን ጋር ያጣምራል።

በ1968 የዲሬክተርነቱን ሥራ ትተው እንደገና ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዚህ ጊዜ የገቡት በኮነቲከት ክፍለ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ነው። በሮቸስተር የተማሩት የአውሮፓን ሙዚቃ ነበር፤ ዌስሊያን ግን የዓለም ሕዝቦችን ሙዚቃ ከነባህላቸው በማጥናት የታወቀ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከደቡብ ሕንድ የመጣው ራንጋናታን ምሪዳንጋም የተባለውን ባለ ሁለት አፍ ከበሮ፣ ከጋና የመጣው አብርሃም አድዘንያም የአገሩን ከበሮና ጭፈራ በመምህርነት ያስተምሩበት ነበር። እነሆ፣ በሠርግ ቤት ማንም እያየ የሚለምደው የሚመስለው ከበሮ በዩኒቨርሲቲ መምህር የተመደበለት ትምህርት ሆኖ ተገኘ። አሸናፊ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት የጥናት ጽሑፍ አቅርበው በ1971 የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ።

ከዚህ በኋላ ብዕራቸው በተለይ ወደ ተናቁት አዘነበለ። በ1975 ስለ አዝማሪው፣ ባለቅኔም ሙዚቀኛም መሆኑን በማስረዳት፣ በታወቀ የሙዚቃ መጽሔት ጥናት አሳተሙ። በ1977 ደግሞ ስለ ክራር ጻፉ። በገና የዳዊት መሣሪያ ተብሎ በመኳንንቱና በካህናቱ ሲከበር፣ የቅርብ ዘመዱ ክራር የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ ይነቀፍ እንደ ነበረ ታውቁ ይሆናል፤ ጥናቱ ይህን ጉዳይ የሚመረምር ነው። በ1982 የታተመው መጽሐፋቸው ከዚህ ሰፋ ብሎ የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካውያንን ድምፅ፣ መሣሪያና ውዝዋዜ ሥረ መሠረት ያስረዳል። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ መጻፋቸውንም ማለፍ አይገባም።

በ1974 አብዮት ፈነዳ፤ ዘመኑም ተለወጠ። ዶክተር አሸናፊ ኑሯቸውን በአሜሪካ አድርገው በኒው ዮርክ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ በኋላም በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ከዚያም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጥቁር አሜሪካውያን ባህል ማዕከል ዲሬክተር ሆኑ። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት በአገራቸው የመሩት ለአምስት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን የሙያ ዘመናቸውን በአብዛኛው ለባዕድ አገር ተማሪዎች ስለ ክራርና ስለ አዝማሪ ሲያስረዱ አሳለፉት። ይህን ዕድል እንደ ኪሣራ የሚቆጥሩት አሉ። በእኔ በኩል ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ፤ በያሬድ ትምህርት ቤት ያልተሠራው ሥራ በእርግጥ ጎድሏል፤ ጥናቶቹ ግን በመጻሕፍት ቤት ጸጥታና ፋታ ባይገኙ ኖሮ መጻፋቸው ያጠራጥራል።

ዶክተር አሸናፊ ከበደ ሜይ 8 ቀን 1998፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 30 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ በፍሎሪዳ በታላሃሲ ከተማ ዐረፉ። ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ከጊዜ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል፤ በዚያም ፒያኖ የሚያጠናው ተማሪ ከጎኑ ክራር ወይም መሰንቆ ይማራል።