ስለ ደም ጥበቃ የደከመው ሐኪም ቻርልስ ድሪው

ደም ከሰው ገላ በወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረጋል። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ቁስል እንዲደርቅና ሰው በትንሽ መቆረጥ ደሙ ፈሶ እንዳያልቅ የሚጠብቅ ታላቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን የአንዱን ደም ለሌላው ለመስጠት ለሚሹ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ዋና እንቅፋት ሆኖባቸው ኖረ። ሰጪውና ተቀባዩ ጎን ለጎን ካልተኙ በቀር ሥራው አይሆንም ነበር። ሰጪ በጠፋበት ሌሊት፣ ወይም ሰጪ ተገኝቶ የደሙ ዓይነት ያልተስማማ እንደ ሆነ፣ በሽተኛው በሐኪሞቹ ዓይን ፊት ይሞታል። ዛሬ ግን በሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጠው ደም ማንነቱ ያልታወቀውን ተቀባይ እየጠበቀ እስከ 42 ቀን ድረስ ይቆያል። ከዚያ እስከዚህ ባለው መንገድ ላይ ብዙ ሊቃውንት ደክመዋል፤ ከእነርሱም አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ድሪው ነው። የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለአንባብያን እናቀርባለን፤ ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ቻርልስ ሪቻርድ ድሪው ጁን 3 ቀን 1904 በዋሽንግተን ከተማ ተወለደ። አባቱ የወለል ምንጣፍ እያነጠፈ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ሠራተኛ፣ እናቱ ደግሞ የመምህርነት ትምህርት የተማረች ሴት ነበረች። ከአምስት ልጆች የበኩሩ እርሱ ነው። በልጅነቱ ጋዜጣ ይሸጥ ነበር፤ ወዲያውም ሌሎች ልጆችን ሰብስቦ በሥሩ ያሠራቸው ጀመር። ይህን ትንሽ ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ ኋላ የተመሰገነበት ሥራ ከዚሁ ጠባይ የመጣ ነውና።

በ1920 እኅቱ ኤልሲ የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ሳለ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ተጨምሮባት ሞተች። ይህ ወረርሽኝ በአገራችን የኅዳር በሽታ የተባለው ነው። የ15 ዓመቱ ወንድሟ ሐዘኑን አልረሳውም፤ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ከጊዜ በኋላ በልቡ ሲያድር ከምክንያቶቹ አንዱ የእርሷ ሞት ነበር። ይሁን እንጂ ወጣቱ ድሪው ገና ከመጻሕፍት ይልቅ ሜዳ የሚወድ ነበር። አምኸርስት ኮሌጅ የገባው በስፖርት ችሎታው በተሰጠው የትምህርት ዕርዳታ ሲሆን፣ በ1926 ሲመረቅ ስሙ የታወቀው በሩጫና በአሜሪካ እግር ኳስ እንጂ በማዕርግ አልነበረም። ለሕክምና ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው በባልቲሞር ከተማ በሞርጋን ኮሌጅ ሁለት ዓመት የስፖርት አሠልጣኝና የሳይንስ አስተማሪ ሆኖ ሠራ። ከዚያም በዋሽንግተን ለሚገኘው ለሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ቢያመለክት፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ይጎድልሃል ተብሎ ተመለሰ። የዚያ ትምህርት ቤት የቀዶ ጥገና ክፍል አንድ ቀን በእርሱ እጅ እንደሚመራ ማን ያውቅ ነበር!

ወደ ካናዳ ተሻግሮ በሞንትሪያል በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያ ገንዘብ እያጠረው ተማረ፤ በ1933 ሲመረቅ ከ137 ተማሪዎች ሁለተኛ ወጣ። ስለ ደም ማሰብ የጀመረውም በዚያው ነው። ጆን ቢቲ የሚባል እንግሊዛዊ መምህሩ ደም በመፍሰሱ ምክንያት ለሚደክሙ በሽተኞች ደም የመስጠትን ነገር ያጠና ስለ ነበር፣ ተማሪውም በዚሁ ጉዳይ ልቡ ተነካ። የሁለቱ ወዳጅነት ከሰባት ዓመት በኋላ ለብዙ ሺህ ሰዎች የሚተርፍ ነገር አመጣ።

ድሪው በ1935 በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ በ1938 ደግሞ የሮክፌለር ድርጅት በሰጠው ዕርዳታ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ኒውዮርክ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በዚያ ዘመን ጥቁር ሐኪም በእንዲህ ያለ ትልቅ ሆስፒታል ነጭ በሽተኛ እንዲያክም በቀላሉ አይፈቀድለትም ነበር፤ ስለዚህ ከዶክተር ጆን ስከደር ጋር ወደ ምርምር ሥራ ተመደበ። ከበሽተኛ አልጋ ለማራቅ የተሰጠው ሥራ የስሙ መጠሪያ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አነጋገር ማረም ያስፈልጋል። ብዙ ሰዎች የደም ባንክን የፈጠረው ድሪው ነው ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የደምን ዓይነቶች ካርል ላንድሽታይነር በ1901 አስታውቋል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሶዲየም ሲትሬት የተባለው መድኃኒት በ1914 እና በ1915 በሥራ ላይ ውሏል። በ1917 ኦስዋልድ ሮበርትሰን የተባለ ሐኪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር በበረዶ ሣጥን ያቆየውን ደም ለቁስለኞች ሰጥቷል። የደም ባንክ የሚለውንም ስም ያወጣው በ1937 በቺካጎ ከተማ በርናርድ ፋንተስ ነው። እንግዲህ ለድሪው ምን ተረፈለት ቢሉ፣ መልሱ እነሆ፤ ሁሉም ደም በብርድ ሲቀመጥ ጥቂት ቀን እንደሚቆይ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ስንት ቀን? የሚበላሸው በምን ምክንያት ነው? ለበሽተኛ መስጠት አደገኛ የሚሆነውስ ከመቼ ጀምሮ ነው? ይህን በቁጥር ለይቶ የሚናገር ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ቀይ የደም ሕዋሳት በውስጣቸው ብዙ ፖታሲየም አላቸው፤ በዙሪያቸው ባለው ፈሳሽ ግን ያለው ጥቂት ነው። ሕዋሱ በሕይወት ሳለ ይህን ልዩነት ይጠብቃል። በጠርሙስ ሲቀመጥ ግን ቀን በቀን እየደከመ ፖታሲየሙ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ቆይቶም ሕዋሱ ራሱ ይፈነዳና ፈሳሹ ይቀላል። ስከደርና ድሪው ይህን እየለኩ መዘገቡ። ደሙ ምን ዓይነት መድኃኒት ተጨመረበት? ብርዱ ምን ያህል ነው? በጉዞ ተናውጧል ወይስ በጸጥታ ተቀምጧል? የጠርሙሱ ቅርጽ ሳይቀር ለውጥ እንደሚያመጣ ተመለከቱ። በ1939 በፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል ለሙከራ የደም ባንክ አቋቁመው ከቤተ ሙከራ ያገኙትን በእውነተኛ በሽተኞች ላይ መረመሩ። እንዲህ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ጠርሙስ ቆጥሮ፣ ቀን ጽፎ፣ እንደ ገና መለካት ነው። ለምርምር የሚመኝ ተማሪ የሥራው አብዛኛው ክፍል ይህ መሆኑን ቢያውቅ ይሻላል።

በዚሁ መካከል ድሪው ትኩረቱን ወደ ፕላዝማ አዞረ። ደም በጠርሙስ ሆኖ በብርድ ቦታ በጸጥታ ሲቀመጥ፣ ጠላ ሲጠልል እንደምናየው፣ ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ወደ ቢጫነት የሚያደላው ጥሩ ፈሳሽ ከላይ ይቀራል። ይህ ፕላዝማ ይባላል። ቶሎ የሚበላሹት ሕዋሳት ስለማይኖሩበት ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ የብዙ ሰው ፕላዝማ ሲቀላቀልም የደም ዓይነት ሳይመረጥ ለማንም ለመስጠት ይቻል ነበር። ደሙ ለፈሰሰና ገላው ለተቃጠለ ሰው የደም ሥሮቹን ሞልቶ ነፍሱን ያቆይለታል። እርግጥ ነው፣ ፕላዝማ እንደ ቀይ ደም ኦክስጅን አያጓጉዝም፤ ከብዙ ሰው የተቀላቀለውም የጉበት በሽታ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ኋላ ታውቋል። ለዚያን ጊዜ ግን በመርከብ ውቅያኖስ ሊሻገር የሚችለው እርሱ ብቻ ነበር። ድሪው ይህን ሁሉ የያዘውን የተቀመጠ ደም ጥናት የሚል ትልቅ ድርሰት በ1940 አቅርቦ በሕክምና ሳይንስ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ፤ ከጥቁር አሜሪካውያን ይህን ማዕርግ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው።

በዚያው ዓመት የጀርመን አውሮፕላኖች የእንግሊዝን ከተሞች ይደበድቡ ነበር። ለቁስለኞቹ ከኒውዮርክ ፕላዝማ ለመላክ ድርጅት ቢቋቋምም፣ ሥራው በየሆስፒታሉ የተለያየ ሆነ፤ አንዱ በዚህ ዓይነት፣ ሌላው በዚያ ዓይነት ያዘጋጃል። ፕላዝማ ደግሞ ጀርም አንድ ጊዜ ከገባበት መድኃኒትነቱ ቀርቶ መርዝ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር የነበረው ያ የቀድሞ መምህሩ ቢቲም ደረቅ ፕላዝማ እንዲልክለት በቴሌግራም ለድሪው ጽፎ ነበር። በሴፕቴምበር 1940 ድሪው ከዋሽንግተን ተጠርቶ የዚህ ሥራ የሕክምና ኃላፊ ሆነ። ወዲያው ደም የሚቀዳበትን፣ ፕላዝማው የሚለይበትንና የሚመረመርበትን መንገድ በሁሉም ሆስፒታል አንድ አደረገ፤ ከመላኩ በፊትም የሁሉም ፕላዝማ በአንድ ማዕከላዊ ቤተ ሙከራ እንዲመረመር ወሰነ። ሥራው በጃንዩወሪ 1941 እስኪያበቃ ወደ 15,000 የሚጠጉ ሰዎች ደም ሰጡ፤ ከ5,000 ሊትር የሚበልጥ የፕላዝማ ዝግጅትም ወደ እንግሊዝ ተላከ። በሌላ ሰው ዘንድ ደብዳቤ መጻፍና ደንብ ማውጣት ብቻ የሚመስለው የጽሕፈት ቤት ሥራ፣ በእርሱ እጅ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ።

ቀጥሎ የአሜሪካ ቀይ መስቀል በኒውዮርክ ለሙከራ ያቋቋመውን ደረቅ ፕላዝማ ማዘጋጃ ይመራ ጀመር። ማቀዝቀዣ በተገጠመላቸው መኪናዎች ወደ ሰጪዎቹ ሠፈር እየሄዱ ደም የመቅዳቱ ሥራም በዚያን ጊዜ ተጀመረ። ይህ ሙከራ ሰፍቶ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከ13 ሚሊዮን በላይ ጠርሙስ ደም ተሰበሰበ።

ነገር ግን ከዚህ የሚቀጥለውን ለመናገር ያሳፍራል። አሜሪካ በ1941 መጨረሻ ወደ ጦርነቱ ስትገባ፣ ቀይ መስቀል በጦር ሠራዊቱ ፈቃድ መሠረት የጥቁሮችን ደም አይቀበልም ነበር። ድሪው ራሱ ያን ጊዜ ክንዱን ቢዘረጋ ኖሮ፣ እርሱ ባቃናው ሥርዓት ደሙ አይወሰድም። ጩኸት በመጣ ጊዜ በ1942 መጀመሪያ ተቀበሉ፤ ግን የጥቁሩን ለጥቁር፣ የነጩን ለነጭ ብለው በየጠርሙሱ ላይ ምልክት አደረጉ። የደም ዓይነት በቆዳ ቀለም እንደማይለይ ሳይንስ ከታወቀ አርባ ዓመት ሆኖት ነበር። የአንድ እናት ልጅ ደም ዓይነቱ ካልተስማማ ሊገድል ይችላል፤ ከሌላ ክፍለ ዓለም የመጣ ሰው ደም ግን ከተስማማ ያድናል። ድሪው ይህን በአደባባይ ከመናገር አላቋረጠም። የደም ነገር ክብርን እንዴት እንደሚነካ እኛም በሌላ መልክ አይተነዋል፤ በ1996 በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤል የሰጡት ደም በኤድስ ፍርሃት ምክንያት ሳይነገራቸው ለዓመታት ሲጣል መኖሩ በተገለጠ ጊዜ፣ በሺህ የሚቆጠሩ በኢየሩሳሌም ወጥተው በቁጣ ጮኸዋል።

ድሪው በዚህ ነገር ተቆጥቶ ቀይ መስቀልን ጥሎ ሄደ እየተባለ ይወራል። የሄደው ግን ክልከላው ይፋ ከመሆኑ በፊት፣ በ1941 የጸደይ ወራት ነው፤ የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ጥገና ክፍልና የፍሪድሜንስ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ኃላፊነት ስለ ጠበቀው ነው። እንደኛ አስተያየት ይህ ምርጫው ከቁጣ የሚበልጥ ነበር። ደሙን እንዴት ማቆየት እንደሚገባ አስተምሯል፤ አሁን ደግሞ ቢላዋ የሚይዙ እጆችን ማፍራት ፈለገ። እስከ 1950 ባሉት ዓመታት በአገሪቱ የቀዶ ጥገና ቦርድ ፈተና አልፈው ከተመሰከረላቸው ጥቁር ሐኪሞች ከግማሽ የሚበልጡት የእርሱ ተማሪዎች ነበሩ። ራሱም የዚያ ቦርድ ፈታኝ ሆኖ የተሾመ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። ሆኖም በዋሽንግተን የነበረው የሐኪሞች ማኅበር በቀለሙ ምክንያት አባል አላደረገውም።

በየዓመቱ ወደ አላባማ፣ ወደ ተስኪጊ እየሄደ በነፃ ሕክምና ያገለግል ነበር። በ1939 ወደዚያው ሲጓዝ አትላንታ ከተማ ላይ የቤት አያያዝ ትምህርት አስተማሪ የነበረችውን ሌኖር ሮቢንስን አገኘ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ለጋብቻ ጠየቃት፤ በዚያው ዓመት ተጋቡ። አራት ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያይቱን ልጅ ቢቢ ብለው ይጠሯት ነበር፤ ይህም በእንግሊዝኛ የደም ባንክ ከሚሉት ሁለት ቃላት መነሻ ፊደሎች የተወሰደ ነው።

በ1950 በዚያው መንገድ ለዚያው አገልግሎት ሲሄድ ሞተ። ቀኑን ሲሠራ ውሎ ሌሊቱን ከሦስት ሐኪሞች ጋር በመኪና ተነሣ። አፕሪል 1 ቀን ጧት በሰሜን ካሮላይና፣ በርሊንግተን ከተማ አጠገብ፣ መሪውን እንደ ያዘ እንቅልፍ ወሰደው፤ መኪናዋም ተገለበጠች። ዕድሜው 45 ዓመት ነበር። ጥቁር በመሆኑ ደም ተከልክሎ ሞተ የሚለው ወሬ ወዲያው ተሰማ፤ ዛሬም በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። አብረውት የነበሩት ሐኪሞች ግን የአካባቢው ሆስፒታል ነጭ ሐኪሞች የሚቻላቸውን እንዳደረጉለት፣ ጉዳቱም ሊድን የማይችል እንደ ነበረ መስክረዋል። ወሬው የታመነበት ምክንያት ሌላ ነው፤ በዚያ አገር በዚያ ዘመን ብዙ ጥቁር በሽተኞች በእውነት ከሆስፒታል በር ተመልሰዋል።

እርሱ በሞተበት በ1950 ቀይ መስቀል የደም ሰጪውን ዘር በጠርሙስ ላይ መጻፍ ተወ። በሉዊዚያና ክፍለ ሀገር ግን የጥቁርና የነጭ ደም እንዲለይ የሚያዝዘው ሕግ የተሻረው በ1972 ነው።