አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፦ ቃላትን ከነሥራቸው የሰበሰቡ ሊቅ

ሰው ፊቱን ሲያከፋ አማርኛ ስንት ቃል አለው? ተኮሳተረ፣ አኮረፈ፣ ፊቱን አጠቆረ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ፊቱ ጭፍግግ አለ፣ ገላመጠ። እነዚህ እስከ ዛሬ በየቤቱ ይሰማሉ። ከአፍ ወጥተው በብራና ብቻ የቀሩት ግን ሰብሳቢ ካላገኙ ጠፍተው ይቀራሉ። ያረጁ ቃላትን ትርጉም ፍለጋ ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሊቃውንት አንዱ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው።

አለቃ የሸዋ ሰው ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው ሠላሳ ዓመት ገደማ እዚያው ኖሩ። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ይባላሉ። እኒህ መምህር ሮም ሳሉ ለጣሊያናዊው ሊቅ ለኢኛሲዮ ጒይዲ አማርኛን ያስረዱ ናቸው፤ የጒይዲ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላትም በፈረንጆች 1901 ታተመ። መምህሩ የጀመሩት የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ግን ሳያልቅ ቀረ። አደራው ለኪዳነ ወልድ ተላለፈ።

አለቃ በኢየሩሳሌም የግዕዝን ቃል ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስጥና ከዐረብኛ ጋር እያስተያዩ ሥሩን ይመረምሩ ነበር። መጽሐፋቸውንም በሀ ሁ ሂ ተራ አላደረጉትም፤ በአበገደ ተራ አሰለፉት። እስራኤል ውስጥ የልጅ ልጆቻቸው አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት ሲሉ የሚሰሙ አያቶች ይህን ተራ ወዲያው ያውቁታል፤ በግዕዝም አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ድንት ይባላል።

የዚህ ዓይነት ምርመራ ምን እንደሚያሳይ ለማየት ግሩም የሚለው ቃል ይበቃል። በአማርኛ ግሩም ማለት በጣም ጥሩ ማለት ነው። በግዕዝ ግን የሚያስፈራ፣ ሲያዩት የሚያስደነግጥ ማለትም ነው። ግሩም ፊት ያለው ሰው ዛሬ መልከ መልካም ይመስላል፤ ድሮ ግን ቀና ብለው ሊያዩት የሚያስፈራ ነበር። የዕብራይስጡ ኖራ ደግሞ በተቃራኒው ሄዷል። በጸሎት ቋንቋ የሚያስፈራ ግርማ ያለው ማለት ነው፤ ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ በሥራ መካከል ሲነገር ግን በጣም መጥፎ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ኦውፉልም ዱሮ ግርማ ያለውን ይገልጽ ነበር፤ አሁን መጥፎውን ብቻ ይገልጻል። ገጽ የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በግዕዝ ፊት ማለት ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የመጽሐፍ ገጽ ሲባል ነው።

አለቃ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን ወደ አገራቸው ተመለሱ። የትንቢተ ሕዝቅኤልን አንድምታ ትርጓሜ አዘጋጅተው በ1916 ዓ.ም. አሳተሙ። ከዚያም ድሬዳዋ ሆነው፣ ከደቀ መዝሙራቸው ከደስታ ተክለ ወልድ ጋር፣ በመዝገበ ቃላቱ ሥራ ቀጠሉ። ጣሊያን አገሩን ወረረ፣ ዘመኑ ተለዋወጠ፤ ሥራው ሳይታተም ሊቁ በ1936 ዓ.ም. አረፉ።

አደራው ለሁለተኛ ጊዜ ከመምህር ወደ ተማሪ ተሻገረ። ያ ሁሉ ድካም በአንድ ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ሊቀር ይችል ነበር። ደስታ ተክለ ወልድ ግን አላስቀሩትም። የጎደለውን ሞልተው፣ ያልተጣራውን አጣርተው፣ መምህራቸው ካረፉ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በሚል ስም አሳተሙት። ዘጠኝ መቶ ገጽ ገደማ አለው፤ የደራሲነቱንም ስም ለመምህራቸው ሰጡ። የራሳቸውን ትልቁን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው።

አንድ መጽሐፍ ሦስት ሊቃውንት፣ ሦስት ትውልድ ፈጀ። መጀመሪያው ያልጨረሰውን ሁለተኛው ተቀበለ፤ ሁለተኛው ያላየውን ሦስተኛው አሳተመ። ቋንቋ ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገረው እንዲህ ነው፤ የሚያስረክብ ሲኖር፣ የሚረከብም ሲገኝ።