የወህኒ ቤቶች መርማሪ ጆን ሃዋርድ (1726–1790)

በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ወህኒ ቤት ማለት በመንግሥት በጀት የሚተዳደር የቅጣት ተቋም አልነበረም። ብዙውን ጊዜ የአውራጃ ወይም የከተማ፣ አልፎ አልፎም የአንድ ባለርስት ወይም የአንድ ጳጳስ ንብረት ነበር። የሚሾምበትም የወህኒ አዛዥ ደመወዝ አልነበረውምና ኑሮውን የሚገፋው ከእስረኞቹ በሚሰበስበው ክፍያ ነበር። እስረኛው ለመግቢያው ይከፍላል፤ ለመኝታው ይከፍላል፤ እግር ብረቱ እንዲቀልለት ይከፍላል፤ በመጨረሻም ለመውጫው ይከፍላል። ፍርድ ቤት ነፃ ነህ ብሎ ያሰናበተው ሰው እንኳ የአዛዡንና የበር ጠባቂውን ሒሳብ ካላሟላ ከደጁ ማለፍ አይችልም ነበር።

ይህን ሥርዓት በየወህኒው ገብቶ በመለካት፣ በመመዘንና በመቁጠር ገልጦ ለሕግ አውጪዎች ያቀረበው ጆን ሃዋርድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃዋርድ በ1726 በለንደን አካባቢ ተወለደ። አባቱ በምንጣፍና በቤት ዕቃ ንግድ የበለጸገ፣ ሃይማኖቱም ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆነ ፕሮቴስታንት ነበር። ልጁ በትምህርት ብዙ አልገፋም፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ጽሑፉ ለኅትመት ሲቀርብ የተማሩ ወዳጆቹ ማረም ነበረባቸው። ለአንድ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ በተለማማጅነት ተሰጥቶ ሳለ በ1742 አባቱ ሞተና ሀብቱን ስለ ወረሰ ንግዱን ተወ። ጤናው ደካማ ነበር። በጽኑ ታሞ በተኛ ጊዜ ያስታመመችውን የቤት አከራዩን፣ በዕድሜ እጅግ የምትበልጠውን ሴት፣ በውለታ አገባት፤ እርስዋም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1755 ሞተች።

በዚያው ዓመት ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሊዝቦንን አፈረሳት። ሃዋርድም ጥፋቱን ለማየት ወደ ፖርቱጋል በመርከብ ሲጓዝ፣ የፈረንሳይ የባሕር ማራኪዎች መርከቡን ይዘው ተሳፋሪዎቹን ብሬስት ወደብ ላይ አሰሩአቸው። ረኃብንና ጥማትን፣ በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ መተኛትን ያወቀው እዚያ ነው። በእስረኛ ልውውጥ ከተፈታ በኋላም በፈረንሳይ የቀሩት የአገሩ ሰዎች ስላሉበት ሁኔታ ለሚመለከተው የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት አመለከተ። ይሁን እንጂ ይህ መከራ ወዲያው የለውጥ አርበኛ አላደረገውም። ከዚያ በኋላ 17 ዓመት በቤድፎርድሺር፣ በካርዲንግተን መንደር፣ እንደ ማንኛውም ባለርስት ኖሮአል።

የእነዚያ 17 ዓመታት ኑሮ ግን ለኋለኛው ሥራ ያዘጋጀው ይመስላል። በ1756 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመርጦ ነበርና የአየር ጠባይን በትጋት ይከታተል ነበር። ብርድ በበረታበት ክረምት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እየተነሣ በአትክልቱ ዳርቻ የተሰቀለውን ቴርሞሜትር ያነብብ ነበር። በ1770 ቬሱቪዮስ ተራራ ላይ ወጥቶ የመሬቱን ሙቀት ለክቶአል። ለገባሮቹ ንጹሕ ጎጆዎችን ሠራ፤ ለልጆቻቸውም ትምህርት ቤት አቋቋመ። ጠባዩ ጥብቅና ግትር ነበር፤ በ1758 ሄንሪዬታ ሊድስን ሲያገባ፣ ሐሳብ በተለያየ ቁጥር የእርሱ ቃል እንዲጸና አስቀድሞ አስማምቶአታል። ትዳሩ ግን የፍቅር ትዳር እንደ ነበር ሁሉም ይመሰክራሉ። በ1765 አንድ ልጅ ወልዳ ወዲያው ሞተችበት።

በ1773 የቤድፎርድሺር ሸሪፍ ሆኖ ተሾመ። ሹመቱ ለአብዛኛው ባለርስት የክብር ልብስና የግብር ድግስ ብቻ ነበር። የአውራጃውን ወህኒ ቤት የመጎብኘት ግዴታ በሕግ ቢኖርም የሚፈጽመው አልነበረም። ሃዋርድ ፈጸመው። በቤድፎርድ ወህኒ ውስጥም በዳኞች ነፃ ከወጡ በኋላ ለአዛዡ 15 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ፣ ለበር ጠባቂው 2 ሺሊንግ መክፈል ስላቃታቸው እንደገና የተቆለፈባቸውን ሰዎች አገኘ። አዛዡ ደመወዝ ይቆረጥለትና ክፍያው ይቅር ሲል ለአውራጃው ዳኞች አመለከተ። ዳኞቹም ነገሩን አልነቀፉትም፤ ብቻ በሌላ አውራጃ እንዲህ የተደረገበት ምሳሌ ካለ አምጣ አሉት።

ሃዋርድ ፈረሱን ጭኖ ምሳሌውን ፍለጋ ወደ ጎረቤት አውራጃዎች ሄደ። ምሳሌ አላገኘም፤ በየደረሰበት ያገኘው ያንኑ በደል ነበር። አንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እያስከተለው የእንግሊዝ ወህኒ ቤቶችን አብዛኞቹን አዳረሰ። ለአንድ የመዝገብ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የተጀመረው ጉዞ የሕይወት ዘመን ሥራ ሆኖ ቀረ። በመጋቢት 1774 በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ያየውን አስረዳ፤ ምክር ቤቱም በይፋ አመሰገነው። አንድ እንደራሴ የጉዞው ወጪ ከማን ኪስ እንደ ወጣ መጠየቁ ይነገራል፤ ከራሱ ኪስ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው ነፃ ከወጡ ሰዎች ክፍያ መቀበልን የሚሽር ነበር። ሁለተኛው ወህኒ ቤቶች በየጊዜው እንዲጠረጉና ኖራ እንዲቀቡ፣ ለሕሙማን ክፍል እንዲለይ፣ ሐኪምም እንዲመደብ የሚያዝዝ ነበር። ሃዋርድ ሁለቱን ሕጎች በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ለየወህኒ አዛዡ ላከ።

ብዙ የለውጥ ሰዎች ሥራቸውን የሚያቆሙት ሕጉ ሲታወጅ ነው። ሃዋርድ ግን ሕጉ መፈጸሙን ለማየት እንደገና ተነሣ፤ በብዙዎቹም ዘንድ እንዳልተፈጸመ አገኘና ያንንም መዘገበ። ስለ አሠራሩ ዘርዘር አድርጎ መናገር ተገቢ ነው፤ ከልግስናው ይልቅ ለዛሬ ባለሙያ የሚጠቅመው እርሱ ነውና። በየወህኒው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የአዛዡ ደመወዝ ስንት ነው? ክፍያውስ? ለእስረኛው በቀን የሚሰጠው ዳቦ ምን ያህል ይመዝናል? ውኃ በግቢው አለ ወይ? የቆሻሻ መውረጃውስ ወዴት ነው? ጭድ በስንት ጊዜ ይቀየራል? ሐኪሙ ማን ነው? እያንዳንዱን ክፍል በጫማና በኢንች ይለካል፤ እስረኞቹንም በየዓይነታቸው ቆጥሮ ከጎበኘበት ቀን ጋር ይጽፋል። በሌላ ዓመት ሲመለስ አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው አጠገብ ያሰፍራል። ልብሱ በወህኒው ጠረን ስለሚበከል በተዘጋ ሠረገላ መጓዝ አቃተውና በፈረስ ይሄድ ጀመር። የማስታወሻው ገጾች እንኳ እሳት ዳር ሳይዘረጉ የማይነበቡ ሆኑ፤ በብልቃጥ የያዘው ኮምጣጤም ከጥቂት ጉብኝት በኋላ ይበላሽበት ነበር።

የልኬቱን ጠቀሜታ ለማየት የፕሊመዝን ወህኒ አንድ ክፍል መመልከት ይበቃል። ርዝመቱ 17 ጫማ፣ ወርዱ 8፣ ከፍታው 5 ጫማ ተኩል ገደማ ነበር፤ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ቀጥ ብሎ ለመቆም ይቸገርበታል። ብርሃንና አየር የሚገባው በበሩ ላይ በተቀደደ 7 ኢንች በ5 ኢንች ቀዳዳ ብቻ ነው። በባሕር ማዶ ግዞት የተፈረደባቸው ሦስት ሰዎች ለሁለት ወር ያህል እዚያ ታስረው፣ ትንፋሽ ለማግኘት ወደ ቀዳዳው ተራ እየገቡ ይቀርቡ ነበር። ሒሳቡን ለሠራ መሐንዲስ፣ ቀዳዳው ከወለሉ ስፋት ከ500 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በዛሬው የግንባታ ልማድ ለተፈጥሮ አየር የሚተወው ክፍት ከወለሉ ከመቶ አራት ወይም አምስት እጅ ነው። በሌሎች ሥፍራዎች ደግሞ የመስኮት ግብር ከወህኒ አዛዡ ላይ ስለሚጠየቅ፣ አዛዡ ግብሩን ለማዳን መስኮቱን በግንብ ይደፍነው ነበር። ጨካኝ መሆን አላስፈለገውም፤ የሒሳቡ አደራረግ ወደዚያው ይገፋዋል።

በእነዚህ ቤቶች የሚገድለው የወህኒ ትኩሳት የሚባለው ተስቦ ነበር። በ1773 እና በ1774 በዚህ በሽታ የሞቱት እስረኞች በስቅላት ከተቀጡት እንደሚበልጡ ሃዋርድ አረጋግጦአል። በሽታው ዳኛን ከተከሳሽ አይለይም፤ በ1750 በለንደን የችሎት አዳራሽ ተነሥቶ ከንቲባውንና ሁለት ዳኞችን ጨምሮ ብዙ ሰዎችን ፈጅቶአል። ሃዋርድ እንደ ዘመኑ ሐኪሞች ምክንያቱ የተበከለ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ተስቦ በቅማል የሚተላለፍ መሆኑን ሻርል ኒኮል ያሳየው በ1909 ነው። ሆኖም ሃዋርድ ያዘዘው ሁሉ፣ ማለትም አዲስ ገቢውን ማጠብ፣ ልብሱን በምድጃ ማጋል፣ ጭዱን መቀየር፣ ቅማልን የሚያጠፋ ነበር። ምክንያቱን ስቶ መድኃኒቱን ያገኘው ውጤቱን እየመዘገበ ወህኒን ከወህኒ ስላነጻጸረ ነው።

መጽሐፉ «የእንግሊዝና የዌልስ ወህኒ ቤቶች ሁኔታ» በ1777 በዋሪንግተን ታተመ። የሐኪሙ ጆን ኤይኪንና የፈላስፋው ሪቻርድ ፕራይስ እርዳታ አልተለየውም፤ ሃዋርድም በማተሚያ ቤቱ አጠገብ ተከራይቶ ማረሚያውን ገና ሳይነጋ እየተነሣ ያይ ነበር። በመጽሐፉ የቆጠራቸው እስረኞች 4,084 ሲሆኑ፣ 2,437ቱ ባለዕዳዎች፣ 994ቱ በከባድ ወንጀል የተያዙ፣ 653ቱ ቀላል ጥፋተኞች ነበሩ። ከዚህ በፊት የአገሪቱን እስረኛ ቁጥር በውል የሚያውቅ አልነበረም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወንጀለኛ ሳይሆን ገንዘብ ያጣ ሰው መሆኑ በአንድ ሠንጠረዥ ታየ።

በ1779 ፓርላማው አዲስ የማረሚያ ቤት እንዲሠራ ሲወስን ሃዋርድን ከሐኪሙ ጆን ፎዘርጊልና ከጆርጅ ዋትሊ ጋር ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾመው። ውጤቱ ከንቱ ሆነ። ሁለቱ ቤቱ በኢዝሊንግተን ይሠራ ሲሉ ዋትሊ ላይምሐውስ ይሁን አለ፤ በቦታ ምርጫ ብቻ ሲከራከሩ ፎዘርጊል ሞተ፤ በ1781 መጀመሪያ ሃዋርድ ሥራውን ለቀቀ፤ አንድ ድንጋይ አልተነባበረም። ብቻውን 42 ሺህ ማይል የሚጓዝ ሰው ከሁለት ባልደረቦች ጋር በአንድ ጠረጴዛ መስማማት አልሆነለትም።

ከአገሩ ውጭ የአምስተርዳምን የሥራ ቤቶች፣ በጌንት የተሠራውን ባለስምንት ማዕዘን ማረሚያ ቤት፣ በሮም የሳን ሚኬሌን ወህኒ አጥንቶአል፤ ባስቲልን ግን አላስገቡትም። ቀጥሎ ስለ ወረርሽኝ ማግለያ ቤቶች፣ ስለ ላዛሬቶዎች፣ ሊመረምር ተነሣ። ከሌላ ሰው አፍ መስማቱን ስላልወደደ፣ ከሰምርኔስ በወረርሽኝ በተጠረጠረ መርከብ ሆን ብሎ ተሳፍሮ ቬኒስ ላይ ራሱን አስገለለ። በመንገድ የባሕር ወንበዴዎች መርከቡን ሲያጠቁ በመድፉ ተኩስ ረድቶአል። በቬኒስ ማግለያ ሳለ ሁለት ወሬ ደረሰው፦ በአገሩ ሐውልት ሊያቆሙለት ገንዘብ እየተዋጣ መሆኑ፣ አንድ ልጁም አእምሮው የታወከ መሆኑ። ሐውልቱን አስከለከለ። ልጁ ግን አልዳነም፤ በ1799 በአእምሮ ሕሙማን ቤት ሞተ። አባቱ በየአገሩ ወህኒ ሲዞር ልጁ በሰው እጅ ማደጉ ያኔም አስወቅሶታል፤ ወቀሳውም መሠረት አልባ አይደለም።

በ1789 ወደ ሩሲያ ሄዶ የጦር ሠራዊት ሆስፒታሎችን ሲመረምር ኬርሶን ደረሰ። እዚያም አንዲት በትኩሳት የታመመች ወጣት ሴት ሊያይ ሄዶ በሽታው ያዘውና በጥር 20 ቀን 1790 ሞተ። በመቃብሩ ላይ የፀሐይ ሰዓት እንጂ ሐውልት እንዳይቆም አዝዞ ነበር። ለንደን ግን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በሮማውያን ልብስ፣ ቁልፍ አስይዛ፣ ሰንሰለት አስረግጣ ሐውልቱን አቆመችለት።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ሥራውን ለመሐንዲሶች ሰጡት። ዊልያም ኪውቢት፣ ኋላ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት የሆነው፣ በ1818 ገደማ እስረኞች በእግራቸው እየረገጡ የሚያዞሩትን መንኮራኩር ሠራ፤ በአንዳንድ ሥፍራ እህል ይፈጭ ነበር፣ በአንዳንዱ ምንም። በ1842 ደግሞ የመሐንዲስ ጦር መኮንኑ ጆሹዋ ጄብ ፔንቶንቪልን ገነባ። እያንዳንዱ እስረኛ ለብቻው 13 በ7 ጫማ፣ ከፍታው 9 ጫማ የሆነ ክፍል ተሰጠው፤ በፕሊመዝ ሦስት ሰዎች ከተጋሩት ይልቅ ብዙ አየር ማለት ነው። የሞቀ አየር በቦይ ይገባል፤ ንጹሕ ውኃም አለ። ሃዋርድ የለካው ጉድለት ሁሉ ተሟልቶአል። ነገር ግን እስረኛው ከሰው ፊት ተለይቶ፣ ለሽርሽር ሲወጣም ጭምብል አጥልቆ 18 ወር እንዲቆይ ይደረግ ነበር፤ የብዙዎች አእምሮ ስለ ታወከ ጊዜው ወደ 12፣ ኋላም ወደ 9 ወር ዝቅ ተደረገ። ሃዋርድ እስረኞች በሌሊት ተለያይተው ይተኙ ማለቱን የተከተሉት ሰዎች ሌሊቱን ቀን አደረጉት።

በ1866 በለንደን የሃዋርድ ማኅበር ተመሠረተ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ዊልያም ታላክ እንደ ሃዋርድ በየአገሩ ወህኒ ቤቶችን እየጎበኘ ቢጽፍም፣ የነጠላ ክፍሉን ሥርዓት በጽኑ የሚደግፍ ሰው ነበር። ማኅበሩ በ1921 ከቅጣት ማሻሻያ ሊግ ጋር ተዋሕዶ የሃዋርድ ሊግ ተባለና በዚያው ዓመት የራሱን የጥናት መጽሔት ማሳተም ጀመረ።