የሌሎችን ሳል አድምጦ የራሱን የደበቀው ሐኪም

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የአንድን በሽታ ምንነት፣ ምልክቶቹንና መከላከያውን እንጽፋለን። ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ አንድ ሰው ሕይወት ነው። ሰውየው በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው በአጫጭር ልብ ወለዶቹና በተውኔቶቹ ነው፤ ሥራዎቹ ወደ አማርኛም ተመልሰው ተነብበዋል። ሐኪም እንደነበረ የሚያውቁ ግን ብዙ አይመስሉኝም። ሩሲያዊው አንቶን ቼኾቭ ነው።

ስለ እሱ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከሕክምና ትምህርት ቤት ገና የወጡ ታናናሾቼ ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋም መሥራት ያዋጣል ወይ ይሉኛል። ታካሚው ብዙ ነው፤ ለአንዱ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ደመወዙም የሚታወቅ ነው። የቼኾቭ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ አለው። መልሱ ግን የሚያበረታታ ብቻ ሳይሆን የሚያስጠነቅቅም ነው።

ቼኾቭ እ.ኤ.አ በ1860 በደቡብ ሩሲያ በምትገኘው የወደብ ከተማ ታጋንሮግ ተወለደ። አያቱ እንደ ባለርስቱ ንብረት ይቆጠሩ ከነበሩት ጭሰኞች አንዱ ሲሆን፣ ገንዘብ አጠራቅሞ የራሱንና የቤተሰቡን ነፃነት የገዛ ሰው ነው። አባቱ ሱቅ ነበረው። ቼኾቭ 16 ዓመት ሲሆነው ሱቁ ከሰረ፤ አባቱም ከአበዳሪዎች ሸሽቶ ሞስኮ ገባ። ልጁ ትምህርቱን ለመጨረስ እዚያው ቀረ፤ ሌሎች ልጆችን እያስጠና ራሱን ቻለ። እ.ኤ.አ በ1879 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሊማር ገባ። ከትምህርቱ ጎን ለቀልድ መጽሔቶች አጫጭር ጽሑፎች እየጻፈ በሚያገኘው ገንዘብ ወላጆቹንና ታናናሾቹን ያስተዳድር ነበር። እ.ኤ.አ በ1884 ተመረቀ።

ገና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ በ1882፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ማግኘቱን ይፋ አድርጎ ነበር። የበሽታው መነሻ ታወቀ ማለት ነው። ባክቴሪያውን የሚገድል መድኃኒት እስኪገኝ ግን ገና 60 ዓመት ያህል ይቀር ነበር። ይህ ነገር ወደ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ።

በዚያን ዘመን ለሩሲያ የገጠር ነዋሪ ሕክምና የሚያቀርበው ዜምስትቮ የሚባል የአካባቢ ምክር ቤት ነበር። እ.ኤ.አ በ1864 የተቋቋመው ይህ ምክር ቤት ከአካባቢው በሚሰበስበው ግብር ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ይሠራል፤ ሐኪሞችን፣ ረዳት ሐኪሞችንና አዋላጆችን በደመወዝ ይቀጥራል። ገበሬው በአብዛኛው ሳይከፍል ይታከማል። አንድ ሐኪም በርካታ መንደሮችን ይዞ በበጋ በጋሪ፣ በክረምት በበረዶ ላይ በሚንሸራተት መጓጓዣ ይዞር ነበር። ቼኾቭ ሙያውን የለመደው በእነዚህ የገጠር ሆስፒታሎች ነው። ከሞስኮ ወጣ ብሎ በሚገኝ ሆስፒታል ታካሚ እየተቀበለ ሠራ፤ ዝቬኒጎሮድ በምትባል ከተማም ዕረፍት የወጣ ሐኪም ተክቶ አገለገለ።

በተመረቀበት ዓመት በታኅሣሥ ወር ደም ተፋ። የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ደሙ የመጣው ከጉሮሮ ነው፣ ነቀርሳ አይደለም ብሎ ለራሱም ለሌሎችም ነገረ። ሌላ ሐኪም እንዲያየው ግን አልፈለገም። ሳሉና ደሙ በየጊዜው ይመላለሱበት ነበር። እ.ኤ.አ በ1889 ሠዓሊ የነበረው ወንድሙ ኒኮላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ቼኾቭ ሲያስታምመው ቆይቷልና የበሽታውን አካሄድ በቅርብ ያውቀዋል። ያም ሆኖ አልተመረመረም።

በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ በ1890፣ ወዳጆቹን ሁሉ ያስገረመ ጉዞ ጀመረ። የሳይቤሪያን ስፋት በጋሪና በጀልባ አቋርጦ፣ እስረኞች በግዞት ወደሚላኩበት ወደ ሳክሃሊን ደሴት ሄደ። ከባቡር መስመሩ በፊት ስለነበር ጉዞው ብቻ ሦስት ወር ገደማ ፈጀ። እዚያም ሦስት ወር ቆይቶ፣ የእስረኞችንና የሰፋሪዎችን ዕድሜ፣ ሥራና የቤተሰብ ሁኔታ ቤት ለቤት እየዞረ በካርድ ላይ መዘገበ። የመዘገበው ሰው ቁጥር ወደ 10 ሺህ ይጠጋል። ከዚህ የወጣው መጽሐፍ በእስር ቤቶቹና በሆስፒታሎቹ ያየውን፣ የሕፃናቱንም ኑሮ የሚያሳይ ነው። ዛሬ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች የሚሠሩትን የቤት ለቤት ጥናት ይመስላል።

እ.ኤ.አ በ1892 ከሞስኮ በስተደቡብ ሜሊኾቮ በምትባል መንደር መሬት ገዝቶ ከቤተሰቡ ጋር ገባ። ሐኪም መምጣቱ ሲሰማ ገበሬዎች ከማለዳ ጀምሮ በሩ ላይ ይሰለፉ ጀመር። ያለ ክፍያ ያያቸዋል፤ መድኃኒትም ከራሱ ይሰጣቸዋል። እህቱ ማሪያ ታግዘው ነበር። በዚያው ዓመት ኮሌራ ወደ አካባቢው መጠጋቱ ተሰማ። ዜምስትቮው ሐኪም ስላጠረው ቼኾቭ ያለ ደመወዝ የአንድ ቀጠና ኃላፊ ሆነ። ቀጠናው 25 መንደሮች፣ 4 ፋብሪካዎችና 1 ገዳም የያዘ ነበር። የኮሌራ ሕሙማን ተለይተው የሚተኙበት ቤት እንዲሠራ የፋብሪካ ባለቤቶችንና ሀብታሞችን ደጅ እየጠና ገንዘብ ለመነ። ከመንደር መንደር እየዞረ ስለ በሽታው አስተማረ። በዚያ በጋ ያያቸው ታካሚዎች ወደ አንድ ሺህ ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹ ግን በኮሌራ ሳይሆን በተለመዱት የገጠር በሽታዎች የታመሙ ነበሩ።

በዚሁ ዓመት ያሳተመው አንድ ረጅም ታሪክ አለ፤ ርዕሱ የአንድ ሆስፒታል ክፍል ቁጥር፣ ስድስት ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለው ሐኪም የሆስፒታሉን ቆሻሻ፣ ስርቆትና ጭካኔ ያያል። ሆኖም በፍልስፍና ራሱን እያጽናና፣ ምንም ቢደረግ ለውጥ አይመጣም እያለ ሥራውን ይተዋል። በመጨረሻ እሱ ራሱ በዚያው ክፍል ተዘግቶበት ይሞታል። ይህን ታሪክ ለታናናሾቼ እንዲያነቡት እመክራለሁ። ሥራ የበዛበት ሐኪም ሁሉ ያ ሰው ወደ መሆን ሊንሸራተት ይችላል። ቼኾቭ ግን ያን ሐኪም በጽሑፍ ሲያሳየን፣ በተግባር የኖረው ተቃራኒውን ነበር። በአካባቢው ሦስት ትምህርት ቤቶች አሠርቷል፤ እ.ኤ.አ በ1897 የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድም የአካባቢውን ቆጣሪዎች መርቷል።

ከዚያ ቆጠራ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በመጋቢት ወር፣ ሞስኮ ውስጥ እራት ሊበላ እንደተቀመጠ ከአፉ ደም ጎረፈ። ሆስፒታል ገባ፤ ሐኪሞች መረመሩት። የሁለቱም ሳንባዎቹ የላይኛው ክፍል በነቀርሳ ተጎድቶ ተገኘ። ከመጀመሪያው ምልክት 12 ዓመት አልፎ ነበር። ሐኪሞቹ አኗኗሩን እንዲለውጥና ወደ ሞቃት አካባቢ እንዲሄድ ነገሩት። ጥቁር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ያልታ ከተማ ተዛወረ። እዚያም አላረፈም። አየሩን ፈልገው ለሚመጡ ድሃ የነቀርሳ ሕሙማን ማረፊያ እንዲሠራ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። እ.ኤ.አ በ1901 ተዋናይቷን ኦልጋ ክኒፐርን አገባ። በሐምሌ ወር 1904 ለሕክምና በሄደበት በጀርመን ባደንቫይለር ከተማ ዐረፈ። ዕድሜው 44 ነበር።

ይህ ሁሉ ሰው ሳሉን ያዳመጠለት ሐኪም የራሱን ለምን ደበቀ? በቼኾቭ ልብ ውስጥ የነበረውን መናገር አልችልም። እንደ ሐኪም የማየው ግን አለ። ቤተሰቡ የሚኖረው በእሱ ገቢ ነበር። በሽታው በጊዜው የሚድንበት መድኃኒት አልነበረውም፤ ስለዚህ ማወቁ ተስፋ ከመቁረጥ ሌላ ምን ይጠቅማል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በሥራ መጠመድም ለመሸሸግ ይመቻል። እኛ የጤና ባለሙያዎች ለታካሚ የምንሰጠውን ምክር ለራሳችን ስንነፍግ አዲስ አይደለም። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንላለን፤ አንዳንዴ ግን ፍርሃት ነው።

ዛሬ ግን የቼኾቭ ምክንያት የለንም። የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ይድናል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለባችሁ፣ በተለይም ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያርስ ላብ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ክብደት መቀነስ ከታየባችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱና አክታችሁን አስመርምሩ። በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ሲቀንስና ጉልበት ሲመለስ ድኛለሁ ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ትልቅ ስህተት ነው፤ በሽታው መድኃኒት ተላምዶ ይመለሳል። አብረዋችሁ የሚኖሩ፣ በተለይም ሕፃናት፣ አብረው ይታዩ። ስታስሉ አፋችሁን ሸፍኑ፤ ቤት ውስጥም ሆነ በታክሲና በአውቶቡስ መስኮት ክፈቱ። ኤችአይቪ ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይበልጥ ተጋላጭ ስለሆነ ሁለት ሳምንት እንኳ መጠበቅ የለበትም። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት ለዚህ ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። የቲቢ ሕሙማንን በየቀኑ የምናይ እኛ ከሌላው ሰው ይልቅ እንጋለጣለን። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ በታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጠን እንታይ። የምንመረመርበት ክፍል መስኮት እንዲከፈት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ እንዲቀርብልን መጠየቅም መብታችን ነው።

ወደ ታናናሾቼ ጥያቄ ልመለስ። ያዋጣል ወይ? በዚያ በጋ ሐኪም ያዩት አንድ ሺህ ያህል የገጠር ሰዎች፣ ቼኾቭ ባይመጣ ኖሮ ብዙዎቹ ማንም አያያቸውም ነበር። ለእኔ ያዋጣል የሚያሰኘኝ ይኸው ነው፤ በየጤና ጣቢያውና በየጤና ኬላው ይህ ዛሬም በየቀኑ ይደረጋል። ነገር ግን 44 ዓመት ለእንዲህ ያለ ሐኪም በጣም አጭር ዕድሜ ነው። ስለዚህ እናንተም የቆየ ሳል ካለባችሁ ነገ ጠዋት ሳትሠሩ በፊት ታዩ፤ ከዚያ በኋላ ሌላውን እናክማለን።